የማይደርቅ እጅ

ወሎ ውስጥ እጁ የሚያልበው ሰው ሆኖ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያው እጁ የሚያልበው ሰው ብቻ ነው። ሌላ አገር ቢሆን አንገትን ጎንበስ አድርጎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሰላምታ ማለት እጅ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዛሉ፣ የተያያዘው እጅ ወደ አንዱ አፍ ሄዶ ይሳማል፣ ወደ ሌላው አፍ ተመልሶ ይሳማል፣ ደግሞ እንደገና ይሄዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንደዚያው ነው። ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አዝመራው በየተራ እየተጠየቀ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጅ አይለቀቅም።

በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ የኔ እጅ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመዳፌ መሃል ይሞቃል። ቀጥሎ መስመሮቹ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ በጣቶቼ መካከል መፍሰስ ይጀምራል። ትንሽ ወዝ ስላለው እጅ የማወራ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። እጄን ወደ ታች ካንጠለጠልኩት ከጣቴ ጫፍ ጠብ ይላል። ተማሪ ሳለሁ የፈተና ወረቀቴ ከእጄ ሥር እየራሰ ይቀደድ ነበር፤ አንድ ጊዜማ ፈታኙ ውሃ የደፋሁበት መስሎት ከክፍል ሊያስወጣኝ ነበር። ዛሬም ስልኬ ጣቴን አያውቀውም። አሻራ ስሰጥ መሣሪያው ሦስት ጊዜ "እንደገና ይሞክሩ" ብሎኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሌባ እንዳየ ሲያየኝ ትዝ ይለኛል።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን የአባቴ እህት ከገጠር መጣች። እጄን ያዘችና ሳመችኝ። ወዲያው የሻሿን ጫፍ ሳብ አድርጋ ከንፈሯን ጠረገች።

"ምነው ይሄ ልጅ፣ እጁ እንዲህ የራሰው ምን ውስጥ ነክሮት ነው?" አለች።

"አሁን ታጥቦ ነው፣ አሁን አሁን" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

አልታጠብኩም ነበር። በእጄ ምክንያት የተዋሸው የመጀመሪያው ውሸት የእናቴ ነው፤ የቀረውን እኔ ቀጠልኩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን የሳመ ሰው ካለ ዓይኑን አላይም። የማየው ከንፈሩን ነው። ይጠርጋል ወይስ አይጠርግም? ብዙው ይጠርጋል። ጨዋው ደግሞ ዞር እስክል ጠብቆ ይጠርጋል።

የደሴ ብርድ ደግሞ ለኔ ጠላት ነበር። ጭጋጉ ከተማውን ሸፍኖት፣ ሰው ሁሉ ጋቢና ጃኬት ደራርቦ እጁን በብብቱ ሸጉጦ ሲሄድ፣ የኔ መዳፍ ያልባል። "በዚህ ብርድ?" ይሉኛል። ምን ልበል? ለዚህ ነው መምህር ሆኜ ስመረቅ ኮምቦልቻ ልመደብ ብዬ የተሟገትኩት። ጓደኞቼ ሙቀቱን እየጠሉ ወደ ደሴ ለመውጣት ሲለፉ እኔ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ላብ ሰበብ አለው። ማንም ያልበዋል፤ "ኧረ ይሄ ሙቀት!" ብሎ ግንባሩን ለሚጠርግ ሰው እኔም "ኧረ አይጣል!" እለዋለሁ። እንዲህ ብዬ ለመማረር ስል ነው አገር የቀየርኩት ብል ማንም አያምነኝም።

መምህርነቱንም ቢሆን የወደድኩት በጠመኔው ነው። ጠመኔ እጅ ያደርቃል። እጅ የሚዘረጋልኝ ሰው ሲመጣ "ጠመኔ ነው፣ አላቆሽሽህ" ብዬ ክንዴን እሰጣለሁ። ከትምህርት ቤት ውጭ ደግሞ በቀኝ እጄ ሁልጊዜ የምይዘው ነገር አለኝ፤ ደብተር፣ ዳቦ፣ ጃንጥላ። በግራ እጅ ሰላም ማለት ነውር ስለሆነ ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ ያልፈኛል። ቤት ውስጥ የሞከርኩትን አልዘረዝርም። ሎሚውም፣ ጨዉም፣ ዱዓ የተደረገበት ውሃም እጄ ላይ አልፏል። እጄ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀብሎ መፍሰሱን ቀጠለ።

ከሁሉም የሠራልኝ ሰበብ ግን አንድ ነው። "ውዱእ አለኝ።"

ለማያውቅ ሰው፣ ለሶላት ታጥቤያለሁ፣ ሴት ከነካሁ ይፈርስብኛል ማለት ነው። ይህን ያለን ወንድ የምታስቸግር ሴት የለችም፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአንገቷ ሰላም ትለዋለች። እኔ ቀን ሙሉ ውዱእ ነበረኝ። ጧት አለኝ፣ ቀትር ላይ አለኝ፣ ዳቦ ቤት አለኝ፣ ታክሲ ውስጥ አለኝ። ጎረቤቶቼ እንደኔ ያለ ሶላተኛ አይተው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን ሶላት እንኳ በሰዓቱ የማልሰግድ ሰው ነበርኩ፣ አላህ አፉ ይበለኝ። ቃሉ ግን ምላሴ ላይ ስለተጣበቀ እጅ ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር ከኔ ቀድሞ ይወጣ ነበር።

ሚስቴን ያገኘኋት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበረች። ቤተሰቦቿ ደሴ አጠገብ፣ ኩታበር ገበሬዎች ናቸው። መጀመሪያ ቀን "አሰላሙ አለይኩም" ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ለወንድ እጅ አትሰጥም። ውበቷን አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ ልቤን የማረከው ግን ያ ደረቷ ላይ የዋለ እጅ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሳልደብቅ የማወራው ሰው አገኘሁ። ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዋ ማዶ ቆሜ አወራኋት። የምመልስላት መጽሐፍ ሽፋን ላይ የጣቶቼ ምልክት እንደሚቀር አይታ ኖሯል፤ ዝናብ ይሆናል ብላ ትተወው እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። ልንጋባ ተስማማን። ከተጋባን እጄን መያዟ እንደማይቀር ያን ጊዜ ለማሰብ አልፈለግኩም።

አባቷን መጀመሪያ ያገኘሁ ለታ ዓርብ ነበር፣ ደሴ ላይ። አባቷ ዓይናቸውን ሊታዩ ከኩታበር መጥተው ነበር። እሷ አስቀድማ ስለኔ ነግራቸው ስለነበር ከመናኸሪያው በር ላይ አገናኘችን። ረጅም፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው የጣሉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ያለወትሮዬ ቀኝ እጄ ባዶ ነው። ደብተር የለኝ፣ ጃንጥላ የለኝ። ጭጋጉ ዓይን ይወጋል፤ እጄ ግን ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጀምሮ ይፈሳል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እኔም እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩና "ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ። ውዱእ አለኝ" አልኩ።

ወጣ። ልመልሰው ብል አይመለስ። ወንድ የወንድን እጅ ቢይዝ ውዱእ እንደማይፈርስ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። እጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ልጃቸውን አዩ። ሻንጣ ያነገቡ ሁለት ሰዎች ቆመው ያዩናል።

"እኔ ሴት ነኝ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ እጄን መስጠት ነበረብኝ። አሁን ስናገረው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን እጄ ደረቴ ላይ ሸሚዜን አርሶት፣ ባነሳው እርጥቡ ሊታይ ሆነ። እዚያው ጨምቄ ያዝኩት። አባቷ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱና ወደ ታክሲው ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጎቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ለሽምግልና ኩታበር ሄዱ። አጎቴ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አድርገሃቸው ነው? 'የተማረው ልጃችሁ እጁ ለገበሬ አይዘረጋም። ሴት ነህ ብሎ በሰው ፊት ሰድቦኛል። ልጄን እጄን ለተጠየፈ አልሰጥም' አሉን። መሬት ገባሁ እኮ፣ ወላሂ!"

"አልሰደብኳቸውም" አልኩ።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

እዚህ ላይ ነው እስር ቤቱ። በሩን የምከፍትበት ቁልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "እጄ ያልበኛል" ማለት። ሦስት ዓመት ያስተማረ፣ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ የሚያወራ ሰው ይህን ለአጎቱ መናገር አቃተው። ትዕቢተኛ መባል ያስከብራል ባይባልም ሰው ይፈራሃል። የሚያልበው ከተባልክ ግን ይሳቅብሃል፣ ይታዘንልሃል፣ ከንፈር ይጠረግብሃል። ትዕቢቱን መረጥኩ። ሴቲቱን ላጣት እንደምችል እያወቅኩ መረጥኩት፤ ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

እሷ ግን አልተወችኝም። በማግሥቱ ከክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን ስጠራ ከቤት ይወጣል" አለች። "ወይ ምክንያት አለህ ወይ የለህም። ካለህ ንገረኝ። ከሌለህ መጽሐፍ ስትመልስ ለጥበቃው ስጠው፣ እኔ ጋ አትምጣ።"

ሁለቱን እጆቼን አወጣሁና መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት። እያየችው መዳፌ መሃል ውሃ ተጠራቀመ። ቀኙ አንድ ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች።

"ይሄ ብቻ? አባቴን አደባባይ ላይ ሴት ያደረግከው ለዚህ ነው? ለላብ?"

"ብቻ አይደለም" አልኩ።

"በአላህ! ልንገረውና ይለቅ።"

"እንዳትነግሪያቸው። ወላሂ ብትነግሪያቸው..."

"ምን ትሆናለህ?"

እንደማትነግራቸው አስማልኳት። እሷም እኔን አንድ ነገር አስማለችኝ፤ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ።

ሄድኩ። የቆዳ ሐኪሙ ሳቂታ ወጣት ነው። "ይሄ በሽታ ነው እንጂ ጥፋትህ አይደለም፤ የላብ ዕጢዎችህ ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ እንዳንተ ያለ ብዙ አለ" አለኝ። እንደኔ ያለ ብዙ አለ! ሠላሳ ዓመት የት ተደብቀው ነበር? እኔ በተደበቅኩበት መሆን አለበት። የሚቀባ መድኃኒት ጻፈልኝና "ደግሞ ባትጨነቅ ይቀንሳል" ብሎ ሸኘኝ። ባትጨነቅ! የምጨነቀው በላቡ፣ የሚያልበኝ በጭንቀቱ። ከየትኛው ልጀምር ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። መድኃኒቱ እጄን አቃጠለው፣ ቆዳዬን ላጠው፣ ለሦስት ለአራት ቀን ትንሽ አደረቀውና ከዚያ እጄ መድኃኒቱን ለመደው።

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ አባቷ ተረቱ፤ ልጅቷ እየለመነች ማንን እንዳደከመች አላውቅም፣ ራሳቸውን ወይ እናቷን። መልሳቸውን አጎቴ ቃል በቃል አመጣልኝ።

"'ልጄ ከወደደችው እኔ ምን አገባኝ። ግን ኒካህ በእግር አይታሰርም። የዚያን ቀን እጁን የት እንደሚያደርሰው አያለሁ' አሉ" አለኝ፣ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ኒካህ ሲታሰር ሙሽራውና የሙሽሪት አባት ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዛሉ፤ አውራ ጣት ከአውራ ጣት ይገጥማል፣ ላዩ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ሼሁ ቁርኣን ቀርተው እስኪጨርሱ አይለቀቅም። ሰው ወደ ሠርጉ ቀን ይቆጥራል፤ እኔ የቆጠርኩት ወደዚያች እጅ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ኩታበር ጭጋግ ወርዶበት ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። በአራቱ ኪሴ አራት መሐረብ አለኝ። ሦስቱ ገና ሼሁ ሳይጀምሩ ረጠቡ። አባቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከመናኸሪያው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ዓይናቸው እንደዚያን ለታው ነው።

"እጅ ለእጅ ተያያዙ" አሉ ሼሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ሲዘረጉት ሙሉ አልዘረጉትም። ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙት፣ የቀረውን አንተ ና እንደማለት። ሄድኩ። እጃቸው እንደ ዕርፍ እንጨት የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጠንካራ ነው። የኔ እዚያ ውስጥ ገብቶ ተንሸራተተ። ጠበቅ አድርገው ያዙት። ነጩ ጨርቅ ወረደብን።

ሼሁ ሳይቸኩሉ ቁርኣን አነበቡ። ላቤ በእጅ አንጓዬ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። የሳቸውም እጅጌ ውስጥ እየገባ መሆን አለበት። ጨርቁ መሃሉ ላይ ጠቆር እያለ መጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ጨርቁን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩ። ጎንበስ አሉልኝ።

"ይሄ ነበር?" አሉ በሹክሹክታ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ያን ለታም?"

"ያን ለታም፣ አባባ። አፉ ይበሉኝ።"

አፉ ብያለሁ አላሉኝም። አውራ ጣታቸው ግን የኔን አውራ ጣት አንዴ ጫን አለው። ልጄን ድሬልሃለሁ አሉ፤ ተቀብያለሁ አልኩ። ከምስክሮቹ አንዱ ጨርቁን ሊያነሳ ሲል "ተው፣ ተው፣ እኔ" ብለው ቀደሙት። በጨርቁ መዳፌን ጠረጉልኝ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ጠረጉ፣ እርጥቡን ወደ ውስጥ አጥፈው በጋቢያቸው ሥር ከተቱት። ማንም አላየም።

የተፈታሁ መሰለኝ። ለጥቂት ሳምንት ተፈትቼ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩታበር ልንጠይቃቸው ስንሄድ ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። መሐረቤን ጨብጬ፣ እጄን ደጋግሜ ጠርጌ ወደ እሳቸው ስጠጋ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ውዱእ አለኝ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የመናኸሪያውን ታሪክ ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌው ብድራቸውን የመለሱ መሰላቸው። እጄ በሰው ፊት እንዳይታይ ያደረጉት ምሕረት መሆኑን የምናውቀው እሳቸው፣ እኔና ሚስቴ ብቻ ነን። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እንዲሁ ይሉኛል። የቤቱ ልጆች ጭምር ተምረውት "ውዱእ አለኝ!" እያሉ ከፊቴ ይሮጣሉ።

ሦስት ዓመት ሆነን። የሳቁ ነገር መቼ እንደከበደኝ አላውቅም። የታላቅ እህቷ ባል ይመጣል፣ እጁ ይያዛል፣ ይሳማል፣ ስለ በሬው ስለ ልጆቹ ይጠየቃል። ጎረቤት ይመጣል፣ ይሳማል። ሽማግሌው እኔ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ቤቴም ቢሆን ሚስቴ እጄን ትይዘኛለች፤ ከዚያ ሳታስበው መዳፏን ቀሚሷ ላይ ታብሳለች። አላየሁም እላለሁ። ደግ ናቸው፣ ሁለቱም። ሰው በክፋት ቢያስቀይምህ ትከሰዋለህ፤ በደግነት ሲያርቅህ ማንን ትከሳለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እጄን እንዳይነካ ስለፋ ኖሬ፣ ተሳክቶልኝ ቁጭ አልኩ።

ያለፈው አረፋ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። መሐረቤን ከኪሴ አውጥቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት።

ግቢው ውስጥ ሰው ተሰልፎ እየተሳሳመ ነው። ሽማግሌው ከአንዱ ወደ ሌላው እያሉ እኔ ጋ ደረሱ። ቀደምኳቸው፤ እጄን ዘረጋሁ።

"ውዱእ አለኝ" አሉ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ። ሰው ሳቀ።

እጄን አላወረድኩም። አየር ላይ ብቻውን ቀረ። መናኸሪያው በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ሲቆሙ ምን እንደተሰማቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

"አባባ፣ እኔ ሴት ነኝ እንዴ?" አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። እሳቸው እጄን አዩት። መፍሰስ ጀምሯል፤ አልደበቅኩትም። የሳቸው እጅ ከደረታቸው ለመነሳት ትንሽ ቆየ። መቆየቱን አይቻለሁ፣ አላየሁም አልልም። ከዚያ መጣና ያዘኝ። ወደ አፌ ወሰድኩት፣ ሳምኩት። ወደ አፋቸው ወሰዱት፣ ሳሙት፣ ደግሞ መለሱልኝ። ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው፣ የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ነው፣ እናትህ ደህና ናቸው ወይ እያሉ ጠየቁኝ። እኔም ስለ በሬዎቹ ጠየቅኩ፣ ስለ ገብሱ ጠየቅኩ። አምስት ደቂቃ ሙሉ አልለቀቁኝም።

ሲለቁኝ ከንፈራቸውን አየሁ። የጋቢያቸው ጫፍ ትከሻቸው ላይ፣ ለእጃቸው ቅርብ ነበር። ወደ ቀጣዩ ሰው ሲሄዱም በዓይኔ ተከተልኳቸው፣ ዞር እስክል እየጠበቁ ይሆናል ብዬ።

አልጠረጉም።